ቪጎ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ወንድሜ አማዴው ከፖርቶ ወደ ቪጎ በሚሄደው ባቡር ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ትኬት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ተሳፋሪው የሚጠይቀው ያንኑ አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሱም የሚመልሰው ያንኑ አንድ መልስ።

"ሴኞር፣ ቪጎ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ" ይላል፣ ትኬቱን ቀጭ አድርጎ እየበሳ።

"ስንት ሰዓት ላይ እንደርሳለን?" ብሎ የሚጠይቀው ሲመጣ ግን ግንባሩ ይኮማተራል። ምክንያቱም የሚንዮን ወንዝ ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ አገሩ ስፔን ነው፤ የስፔን ሰዓት ደግሞ ከእኛ ከፖርቱጋሎቹ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። አማዴው የአባታችንን የኪስ ሰዓት መዥረጥ አድርጎ ያወጣና "ለአምስት ሩብ ጉዳይ" ይላል። ከጎን ያለው ስፔናዊ "ለስድስት ሩብ ጉዳይ ማለትዎ ነው" ብሎ ሊያርመው ይሞክራል። አማዴው አይሰማውም። እንዳልሰማ መሆን የሚችለውን ያህል ሌላ ምንም አይችልም።

አባታችንም በዚያው መስመር ተቆጣጣሪ ነበር። ሲሞት ለአማዴው የኪስ ሰዓቱን፣ ለእኔ ለቤልሚራ ደግሞ የአማዴውን ሸሚዝ መተኮስ አውርሶን ሄደ። የመስመሩ ሠራተኞች የጉዞ መዝገባቸውን ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚጽፉት በፖርቶ ሰዓት ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪ ድንበር ሲሻገር ሰዓቱን አይነካም። ለሌሎቹ ይህ የሥራ ደንብ ነው፤ ለአማዴው ግን ሃይማኖት ነበር። ባቡሩ እስኪመለስ ድረስ ግማሽ ቀን ቪጎ ሲውል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጆሮው ሥር ስድስት ሰዓትን ቢደውል እንኳ ሰዓቱን አይቶ "አምስት ነው" ከማለት አይመለስም።

ሁለታችንም አላገባንም። ካምፓንያ ጣቢያ ጀርባ ባለችው ቤት ተወልደን እዚያችው ቤት ውስጥ ሸበትን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የባቡር ሠራተኞችን የደንብ ልብስ አሳጥራለሁ፣ አሰፋለሁ፣ በተለይ አሰፋለሁ። ቪጎን ግን አይቻት አላውቅም ነበር። አማዴው "አንድ ቀን ነይ እንጂ" ሲለኝ መልሴ "ሩቅ ነው" ነው። እሱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሄዶ የሚመለስበትን አገር እኔ ሩቅ ነው እያልኩ ሃምሳ አራት ዓመት ሞላኝ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ መንግሥታችን ምን እንደታየው እንጃ፣ ሰዓታችንን ከስፔን ጋር እኩል አደረገው። ክረምት ሲሆን ልጆች በጨለማ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ እናቶች ይራገሙ ነበር። አማዴው ግን ትእዛዙ ከፖርቶ መጥቷልና ሰዓቱን ያለ ቅሬታ አስተካከለ። ከዶሲንዳ ጋር የተዋወቀውም በዚያ ሁለቱ አገሮች አንድ ሰዓት በነበራቸው ጊዜ ነው።

ነገሩን የደረስኩበት በእጅጌው ነው። ከቪጎ በተመለሰ ቁጥር የሸሚዙ እጅጌ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አያለሁ። አሸተትኩት፤ ድንች ነው።

"አንተ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"የድንች ውሃ። ባቡሩ ላይ ድንች መላጥ ጀመርክ እንዴ?"

ጆሮው ድረስ ቀላ። ቀስ እያልኩ አውጣጣሁት። አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርረው ወደቡ አጠገብ አንዲት ምግብ ቤት ይገባና ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ ያዛል፤ እኛ ፖርቶዎች የምንበላው በዚያ ሰዓት ነውና። ባለቤቷ ዶሲንዳ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከላይ እስከ ታች አየችውና "በዚህ ሰዓት እኛ አገር ቁርስ ነው የሚበላው፤ ምሳ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ከቸኮሉ ቁጭ ብለው ድንቹን ያግዙኝ" ብላ ቢላዋ ሰጠችው። ላጠላት። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱና በየእሑዱ እየሄደ ይልጥላት ጀመር። በእኔ ቤት ቢላዋ ከዳቦ ውጪ ምን እንደሚቆርጥ የማያውቅ ሰው! ቆሽቴ አረረ።

እንዲህ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ መንግሥት ደግሞ ሐሳቡን ቀየረ፤ ሰዓታችን ወደ ድሮው ይመለሳል፣ ከስፔን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ እንሆናለን ተባለ። የሚጀምረውም ሆሳዕና እሑድ ነው፤ ስፔኖች ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉ እኛ ዝም ብለን እንቀራለን። ዶሲንዳ ምላሷ ስል ነው፤ ይህን ሰምታ ማሾፍ ጀመረች።

"እንግዲህ ከአሁን በኋላ ወደ እኔ ስትመጣ አራት ሰዓት ከሩብ ይፈጅብሃል፤ ከእኔ ስትሄድ ሁለት ሰዓት ከሩብ። እየተጎተትክ መጥተህ እየሮጥክ ልትሄድ ነው። መንግሥትህ ስለ ፍቅርህ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው።"

"ሐዲዱ ሰዓት አያውቅም" አላት ወንድሜ ኮስተር ብሎ። "ሲመጣም ሲሄድም ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው።"

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሐሙስ አማዴው ሥራ ውሎ ገባና ሾርባውን ሳይነካ ተቀመጠ።

"ምን ሆነሃል?"

"ዶሲንዳን ጠየቅኋት።"

"ምን ብለህ?"

"በእኔ ዕድሜ ሌላ ምን ይጠየቃል፣ ቤልሚራ?"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። "እሺ፣ ምን አለችህ?"

"እሑድ ስምንት ሰዓት ቤቴ ና አለችኝ። 'ጠረጴዛው ተዘርግቶ ካገኘኸው እሺ ብያለሁ ማለት ነው። በሩ ተዘግቶ ካገኘኸው ግን ደጋግመህ አታንኳኳ፣ ለምንም ብለህ አትጠይቀኝ። ሁለታችንም ትልልቅ ሰዎች ነን፤ እንዳንተፋፈር' አለችኝ።"

"እና ጠረጴዛው ከተዘረጋ የት ልትኖሩ ነው?"

"ምግብ ቤቷን ጥላ አትመጣም። እኔ ደግሞ ጡረታዬ ደርሷል" አለ፣ ዓይኑን ከሾርባው ሳያነሳ።

እኔስ? ልለው ፈልጌ ነበር። "ሾርባ ልጨምርልህ?" አልኩት።

እሑድ ጠዋት አዲስ ክራባት አሰርኩለት። የዶሲንዳ አገር ሰዎች በሆሳዕና ቀን የግድ አንድ አዲስ ነገር ይለብሳሉ፤ እንዳያሳፍረን ብዬ ነው። የሆሳዕናውን የወይራ ዝንጣፊ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። ሲመሽ ተመለሰ፤ ክራባቱ ኪሱ ውስጥ፣ ዝንጣፊው እጁ ላይ።

"በሩ ዝግ ነበር" አለኝ። "እሷ ቤት ነው የምሄደው፣ ስለዚህ ቀጠሮው በእሷ ሰዓት ነው ብዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ በስፔን ሰዓት ሄድኩ። ልክ ስምንት ሲል አንድ ጊዜ አንኳኳሁ። ግማሽ ሰዓት ደረጃው ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወጣሁ።"

ያን ቀን ሾርባ አልበላም። እኔ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሁለት ሳህን በላሁ።

ሰኞ አማዴው ፀጉሩን ሊስተካከል ሄዶ ሳለ ስልክ ጮኸ። ረጋ ያለች የሴት ድምፅ ናት፤ አነጋገሯ የወዲያ ማዶ ሰው እንደሆነች ያስታውቃል።

"ይቅርታ እሜቴ፣ ሴኞር አማዴው ታመው ይሆን?"

"ደህና ነው። ማን ልበል?"

"ዶሲንዳ ነኝ፣ ከቪጎ። ደህና ከሆነ ይቅር። ታሞ እንደሆን ብዬ ነው እንጂ ልለምነው አይደለም። ጠረጴዛ ዘርግቼ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅኩት።"

"ከስንት ሰዓት ጀምሮ?" አልኳት።

"ከዘጠኝ። የቀጠርኩት ስምንት ሰዓት ነበር፤ ግን ያንን የአባቱን ሰዓት አውቀዋለሁ፣ ንቅንቅ አይልም። እንዳይሳቀቅ ብዬ በእሱ ሰዓት አደረግኩለት፤ በእኛ ዘጠኝ ማለት ነው። እስከዚያ ትንሽ ጊዜ ስላለኝ እህቴ ጋ ያለውን የእናቴን የጠረጴዛ ልብስ ላመጣ ሄድኩ። ተመልሼ ዘረጋሁት። አልመጣም። እንግዲህ ሐሳቡን ለውጧል፤ መብቱ ነው።"

ስልኩን ዘጋችው። እኔ መነጋገሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። እሱ ለእሷ ብሎ በእሷ ሰዓት ሄደ፤ እሷ ለእሱ ብላ በእሱ ሰዓት ጠበቀች። ሁለቱም ግትር ቢሆኑ ኖሮ እሷ ከስምንት ጀምራ ስትጠብቅ እሱ ዘጠኝ ላይ ይደርስላት ነበር። ሲከባበሩ ተላለፉ። እንዲህ ያለ ጅልነት ከእኛና ከወዲያ ማዶዎቹ በቀር ማን ይሠራዋል?

አማዴው ሲገባ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እሱ ሲሄድ ባዶ የሚቀረው ቤት ታየኝ፤ ያንን አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ ማታ ማታ የሚያስል ሰው የሌለበትን ግድግዳ። "ሾርባ ልጨምርልህ?" አልኩት።

ማክሰኞም ጨመርኩለት። ረቡዕም። ሐሙስ ተራው ነበርና ቪጎ ደርሶ መጣ፤ ጣቢያው ውስጥ ቁጭ ብሎ ዳቦ በሰርዲን በልቶ እንደዋለ ነገረኝ። እጅጌው ንጹሕ ነበር። ያን ንጹሕ እጅጌ ሳይ አንጀቴን በላው።

ዓርብ ዕለት ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ "አለቃዬን ለምኜዋለሁ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እዚሁ አገር ውስጥ በሬጉዋ መስመር ነው የምሠራው። የእሑዱ ተራዬ በፋሲካ ምክንያት ወደ ነገ ዞሯል፤ እሱ ወደ ቪጎ የመጨረሻዬ ነው።"

ሠላሳ አራት ዓመት! ያ መስመር የአባታችን ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይህን ሲናገር ምንም አልተማረረም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው የተናገረው። ወደ ጓዳ ገባሁና እንቁላል መስበር ጀመርኩ። አሥራ ሁለት እንቁላል የፈጀ የፋሲካ ኬክ ጋገርኩ። ጥፋተኛ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ቀድሞኝ ከወጣ በኋላ ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ ኬኩን ይዤ፣ ትኬት ቆርጬ ሁለተኛው ፉርጎ ውስጥ ገባሁ። ፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባሉ። ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተንቀሳቀሰ። ብዙም ሳይቆይ አማዴው መብሻውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ መጣ። ሲያየኝ መብሻው አየር ላይ ቆመ።

"ቤልሚራ! ቤቱ ተቃጠለ?"

"ትኬቴን ብሳልኝ።"

"የት ነው የምትሄጂው?"

"ተጽፏል፤ ማንበብ ረሳህ? ቪጎ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት..." ማለት ጀመረ። አፉ ልማዱን ተናግሮ ነበር እንጂ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። "ሩቅ ነው ስትይ አልነበር እንዴ?"

"ተቀመጥና ስማኝ።"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"እንግዲያው ቆመህ ስማኝ" አልኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ስልኩን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ የእናቷን የጠረጴዛ ልብስ፣ እስከ አሥራ አንድ መጠበቋን። ሽማግሌው ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

የወንድሜ ፊት መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ቀላ። "መቼ ነው የደወለችው?"

"ሰኞ።"

"ሰኞ! ዛሬ ቅዳሜ ነው! ሳምንቱን ሙሉ አውቀሽ ነው ሾርባ ስትጨምሪልኝ የከረምሽው?"

"አዎ።"

"ሰርዲን ስበላ ዋልኩ እኮ! መስመሬን ለቀቅኩ! ለምን? ምን አድርጌሽ ነው?"

"ምንም አላደረግከኝም። ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ነው" አልኩት። ባቡር ሙሉ ሰው እየሰማ። ከዚያ እንባዬ የኬኩ ካርቶን ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ማቆም አቃተኝ።

አማዴው ትኬቴን ወሰደና በሳው። ደግሞ በሳው። ሦስተኛም በሳው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሴኞር፣ ቁጣዎን ሲጨርሱ የእኔንም ይብሱልኝ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል።"

አማዴው ሳቀ። ያንን ሳቅ ከሆሳዕና ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

እስከ ድንበር ድረስ በአጠገቤ ስምንት ጊዜ አለፈ። በየጊዜው አንድ ነገር ይወረውራል፤ "ጠረጴዛው ተዘርግቶ ነበር አልሽ?" "ነጭ ነው የጠረጴዛው ልብስ?" "ድምጿ እንዴት ነበር፣ ተቆጥታለች?" እኔ ምን አውቄ! የድንበሯን ከተማ ቫሌንሳን አልፈን ድልድዩ ላይ ስንደርስ ብቻ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ወንዙን አየን። እስከዛሬ ሩቅ ነው ስለው የኖርኩት አገር ከወንዙ ማዶ ጎመን ተክሎ ልብስ አስጥቶ ተቀምጧል፤ ልክ እንደ እኛው።

ቪጎ ደርሰን ተሳፋሪው ወርዶ መዝገቡን እስኪዘጋ ጠበቅኩት። ከዚያ ወደ ወደቡ የሚወርደውን መንገድ ያዝን። ወትሮ ዝግ ብሎ የሚራመደው ወንድሜ ወደፊት ተስፈነጠረ፤ እኔ ኬክ ተሸክሜ ከኋላ እየተንደረደርኩ "አንተ፣ በእኛም በእነሱም ሰዓት እኮ ገና ጠዋት ነው፣ ቀስ በል!" እያልኩ እጮሃለሁ።

የምግብ ቤቱ በር ክፍት ነበር። አንዲት ሰፋ ያለች ሴት ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ የተቀቀለ ኦክቶፐስ በመቀስ ትቆርጣለች። ቀና ስትል መቀሱ ቆመ። አማዴው ወደ እኔ ዞረ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፤ ሲጨንቀው እኔን ያያል።

"እሜቴ፣ በስልክ ያነጋገሩኝ እኔን ነው" አልኳት። "ወንድሜ መጥቶ ነበር። በእርስዎ ሰዓት፣ ልክ ስምንት ላይ፣ የጠረጴዛ ልብስ ሊያመጡ በሄዱበት ጊዜ። ይህን ከሰኞ ጀምሮ እያወቅኩ ደብቄዋለሁ። የሚቆጡ ከሆነ እኔን ይቆጡ።"

ዶሲንዳ ትክ ብላ አየችኝ። የሰው ዓይን እንደዚያ ሲከብደኝ አላውቅም። ቀጥሎ ወደ እሱ ዞረች።

"በእኔ ሰዓት መጣህ?"

"በአንቺ ሰዓት።"

"አንተ? በዚያ ሰዓት?" ብላ ወደ ኪሱ በአገጯ አመለከተች።

አማዴው የአባታችንን ሰዓት አወጣ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ አልፏል። አንዴ እኔን አየኝ፤ ያ ሰዓት የሁለታችንም ነውና ፈቃድ መጠየቁ እንደሆነ ገባኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ቁልፉን ስቦ ዘወረው፤ ረጅሙ ቆጣሪ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ሙሉ ዞረ። በአባታችንና በእሱ እጅ ሥልሳ ዓመት ለስፔን ያልተነካ ሰዓት ነበር።

"ዛሬ ከፖርቶ እዚህ ድረስ" አላት፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ "አራት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ።"

ዶሲንዳ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብላ የታጠፈ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አወጣች፤ ለእህቷ አልመለሰችውም ነበር። በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፤ እጥፋቱን በመዳፏ አስተካከለች። ጊዜው በእነሱ አቆጣጠር ገና ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። ቪጎ ውስጥ በዚህ ሰዓት ምሳ የሚበላ ሰው ቢታይ ሐኪም ይጠራለታል። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ዓሣ አጥማጆች አፋቸውን ከፍተው ያዩን ነበር።

ሳህን አመጣች። አንድ ለእሱ፣ አንድ ለራሷ። እኔ ኬኬን ታቅፌ በሩ አጠገብ ቆሜ፣ የመመለሻው ባቡር ስንት ሰዓት ነው ብዬ እያሰብኩ ነበር። ሦስተኛ ሳህን ይዛ መጣች።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ቁጭ በይ እንጂ" አለችኝ፤ 'እርስዎ' ማለቱን ትታው ነበር። "ከአሁን በኋላ በየእሑዱ ነው የምጠብቅሽ። መንገዱ ሩቅ ነው ብለሽ እንዳትቀሪብኝ።"

ወንድሜ ፈገግ ብሎ አየኝ፤ ምን እንደምል ያውቅ መስሎታል።

"ምን ሩቅ ነው" አልኳት፣ ወንበሩን እየሳብኩ።